ልጆቼ ይሮጣሉ፣ መቆም ግን አይችሉም፤ ፍሬን አያያዝን እንዴት ልለካ፣ እንዴትስ ላሰልጥን?

አሰልጣኝ ከኮዬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ከ17 ዓመት በታች ልጆችን ኳስ አሰለጥናለሁ። ወንዶችም ሴቶችም አሉ። ጥያቄዬ ስለ መሮጥ ሳይሆን ስለ መቆም ነው።

ልጆቼ ፈጣን ናቸው፣ ሲፈተለኩ ለማየት ደስ ይላሉ። ችግሩ የሚመጣው ኳሷ ድንገት አቅጣጫ ስትቀይር ነው። አጥቂው ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲቆርጥ የእኔ ተከላካይ አልፎት ይሄዳል፤ እስኪቆምና እስኪዞር ድረስ ሁሉም ነገር አልቋል። አንዳንዱ ደግሞ ለመቆም ሲል ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን ቀጥ አድርጎ ይተክላል። ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ባለፈው ዓመት አንዷ የክንፍ ተጫዋቼ ማንም ሳይነካት፣ ለመቆም ስትሞክር ብቻ ጉልበቷ ዞረባት። ኤሲኤል የሚባለው ጅማቷ ተበጥሷል ተባልን፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት አሁን በማገገም ላይ ናት።

ስለ ፍጥነት ሥልጠና ብዙ ይወራል። 30 ሜትር ሩጡ፣ ሰዓት እንያዝ፣ ማን ቀደመ፣ አለቀ። ስለ መቆም ግን የሚያወራ ሰው አላገኘሁም።

ያለኝ ዕቃ ኮን፣ ሜትር፣ ፊሽካ፣ ስልክና ትንሽ ኖራ ነው። ሜዳው አፈር ነው። ጂፒኤስ ያለው ቬስት ምናምን አቅማችን አይደለም። በዚህ ዕቃ ማን በደንብ እንደሚቆምና ማን እንደማይቆም መለየት ይቻላል? ከምንስ ልጀምር? ሳሰለጥናቸው ራሱ እንዳልጎዳቸውም እፈራለሁ።

የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፦

ኮች፣ ጥያቄህን ሳይ ደስ አለኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በዚሁ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስጋትህ ቦታው ላይ ነው። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሃርፐርና ባልደረቦቹ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ጥናት በቡድን ስፖርቶች ላይ የተሠሩ ሥራዎችን ሰብስቦ ሲመለከት፣ ከአሜሪካን ፉትቦል በስተቀር በታዩት ስፖርቶች ሁሉ ተጫዋቾች በጨዋታ ወቅት በኃይል ከሚያፈተልኩት ይልቅ በኃይል ፍሬን የሚይዙት በቁጥር ይበልጣል። የእኛ ሥልጠና ግን ማፈትለኩ ላይ ነው የሚያልቀው።

አሁን ወደ መለኪያው። የፍጥነት መለኪያ ሬዳር ባይኖርህም ፈተናው ራሱ ቀላል ነው። ልጁ 20 ሜትር ባለ በሌለ ኃይሉ ይሮጣል፣ 20ኛው ሜትር ላይ ያለውን የኖራ መስመር ሲረግጥ በቻለው ፍጥነት ይቆማል። ከመስመሩ እስከ ቆመበት ድረስ በሜትር ትለካለህ። አንድ ወጥመድ አለ። ልጅ ሁሉ መቆሙ እንደማይቀር ስለሚያውቅ ከመስመሩ በፊት ቀስ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ አጭር ርቀት ላይ ቆሞ ጎበዝ ይመስላል። መፍትሔው በሌላ ቀን፣ መቆም ሳይኖርበት ምርጥ የ20 ሜትር ሰዓቱን መያዝ ነው። በመቆም ፈተናው ላይ 20 ሜትሩን ከምርጡ ከ5 በመቶ በላይ ዘግይቶ ከጨረሰ ሙከራው አይቆጠርም፣ ይደግማል። ለምሳሌ ምርጡ 3.20 ሰከንድ ከሆነ ከ3.36 በላይ ያለውን ትሰርዘዋለህ።

ሰዓቱን በእጅህ አትያዝ፣ በተለይ ለአጭር ርቀት። ጣት በትንሹም ቢዘገይ ወይም ቢቀድም ልጆቹን የሚለያያቸውን ልዩነት ይበላዋል። ስልክህ ስሎው ሞሽን ካለው በሰከንድ እስከ 240 ምስል ሊያነሳ ይችላል፣ ያኔ አንዱ ምስል ከሌላው የሚራራቀው 0.004 ሰከንድ ገደማ ነው። ተራው 30 ምስል እንኳን ከጣት ይሻላል። ስልኩን ከሩጫው መስመር በጎን በኩል ራቅ አድርገህ በጄሪካን አስደግፈው። 15ኛውና 20ኛው ሜትር ላይ ዱላ ትከል፣ ዱላው ግን ልጁ ከሚሮጥበት መስመር አጠገብ ይሁን፤ ከራቀ ካሜራው ያሳስትሃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሒሳብ ነው፣ እሱን ደግሞ እንዳትዘለው። ርቀቱን ብቻ ካየህ ትሳሳታለህ። አንዱ ልጅ የመጨረሻዋን 5 ሜትር በ0.71 ሰከንድ ሮጠ እንበል፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 7 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ በ6 ሜትር ውስጥ ቆመ። ሌላው በ0.83 ሰከንድ ሮጦ፣ ማለትም በሰከንድ 6 ሜትር ገደማ፣ በ5 ሜትር ቆመ። ዓይንህ ሁለተኛው ይሻላል ይልሃል። ፍጥነቱን በራሱ አባዛው፣ ለመቆም በፈጀው ሜትር እጥፍ አካፍለው። የመጀመሪያው 49 ሲካፈል ለ12፣ 4.1 ይመጣል። የሁለተኛው 36 ሲካፈል ለ10፣ 3.6 ነው። በደንብ ፍሬን የያዘው ረጅም ርቀት የፈጀበት ልጅ ነው ማለት ነው፣ ምክንያቱም ያቆመው ፍጥነት ይበልጣል። ፍጥነት ከ7 ወደ 8 ከፍ ሲል ለመቆም መዋጥ ያለበት የሩጫው ኢነርጂ በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ለዚህ ነው ፈጣን ልጆችህ ላይ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው።

ሌላ ቀላል ፈተና 505 ይባላል። 15 ሜትር ይሮጣል፣ መስመሩን በእግሩ ረግጦ ዞሮ ይመለሳል። ሰዓት የምትይዘው ከ10ኛው ሜትር እስከ መስመሩና ከመስመሩ እስከ 10ኛው ሜትር ያለውን ብቻ ነው፣ 5 መሄጃ 5 መመለሻ። ከዚህ ላይ የቀጥታ 10 ሜትር ሰዓቱን ቀንስ። የሚቀረው ለመቆምና ለመዞር የከፈለው ዋጋ ነው። በቀኝም በግራም እግር አስሞክረው።

ቁጥር 6፦

አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ይሄ ሁሉ ሒሳብ ለ15 ዓመት ልጅ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። እኛ አቃቂ የተጫወትንበት ሜዳ ጠባብ ነበር፣ በሁለት በኩል ግንብ፣ በአንድ በኩል ቦይ። ካልቆምክ ግንቡ ያቆምሃል። መቆምን እዚያ ነው የተማርነው። 4 ለ 4 ጠባብ ቦታ ላይ አጫውታቸው፣ በራሱ ይመጣል። ልጆችን በፈተና ማጨናነቅ ኳስ ያስጠላቸዋል።

ፊዚዮዋ፦

ቁጥር 6፣ ግማሹ ትክክል ነው። 4 ለ 4 መጫወት ብዙ ጊዜ ያስቆማል፣ ያስዞራል፤ አሰልጣኙም ከዚያ አይራቅ። ግን ጠባብ ሜዳ ላይ ልጁ ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ ሳይደርስ ነው የሚቆመው። በሙሉ ሜዳ ጨዋታ 25 ሜትር ሮጦ ኳሷን ተከትሎ ሲቆም ሰውነቱ ይሄንን ጭነት አያውቀውም። ጉዳት የሚደርሰው እዚያ ጋ ነው።

ወደ ጉልበት ልምጣ፣ ሥራዬ ስለሆነ።

ስንፈተለክ ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ስንቆም ግን ጡንቻው እየረዘመ ነው ክብደት የሚሸከመው፣ በተለይ የጭን ፊት ጡንቻ። ቁልቁለት የወረደ ሰው በማግስቱ ጭኑ የሚያመው በዚህ ምክንያት ነው። የሚሸከመው ኃይል ከባድ፣ ጊዜውም በጣም አጭር ነው። ኤሲኤል ሲበጠስ ብዙውን ጊዜ እግር መሬት ከነካ በ0.05 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማንም ሰው አስቦ እግሩን ማስተካከል አይችልም። ስለዚህ «ጉልበትህን እጠፍ!» ብሎ ከሜዳ ዳር መጮህ አይጠቅምም። እግሩ መሬት ከመንካቱ በፊት ሰውነቱ ተዘጋጅቶ መድረስ አለበት፣ ያ ደግሞ በልምምድ ብቻ የሚመጣ ነው።

በሴት ልጆች ላይ ይሄ ጉዳት በተመሳሳይ ስፖርት ከወንዶቹ ከ2 እጥፍ በላይ ይታያል። አሰልጣኝ፣ ሴቶቹን ለኋላ አታቆያቸው፣ ከእነሱ ጀምር።

በደንብ የሚቆም ልጅ ምን ይመስላል? ዳሌውን ዝቅ ያደርጋል። እግሩ ከሰውነቱ ቀድሞ ይወርዳል። እርምጃው አጭርና ብዙ ነው። ጉልበቱ ታጥፏል፣ አቅጣጫው ከእግር ጣቶቹ ጋር አንድ ነው፣ ወደ ውስጥ አይወድቅም። ደረቱ ወደ ፊት አይደፋም። ለመዞር ሲሆን ደግሞ ዋናው ፍሬን የሚያዘው በመጨረሻው እርምጃ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ነው። ልጆች ሁሉንም በመጨረሻው እርምጃ ሊጨርሱት ይሞክራሉ፣ ያኔ ነው ጉልበት የሚከፍለው።

አጀማመር ላይ ሜዳ ወጥተህ ቶሎ 20 ሜትር አታስሩጥ። መጀመሪያ ጥንካሬው ይምጣ። አንድ እግር ፊት፣ አንድ እግር ኋላ አድርጎ ቀስ ብሎ መውረድ፣ ለመውረድ እስከ 5 ሰከንድ ይፍጅበት፣ መነሳቱ እንደፈለገ። ለቋንጃ፣ ተንበርክኮ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት ወደ ፊት በዝግታ መውደቅ፣ ኖርዲክ የሚባለው። ለባት፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ አድርጎ ወደ ታች ማውረድ። ደረጃ እንደሆነ በየብሎኩ አለ።

ከዚያ ማረፍ ይቀጥላል። ከዝቅተኛ ነገር ላይ፣ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ይበቃል፣ ወርዶ ሁለት ሰከንድ ሳይነቃነቅ መቆም። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ሲችል በአንድ። ሲያርፍ ድምፅ ካሰማ ገና ነው።

መቆሙ ራሱ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሶምሶማ እየሮጠ ፊሽካ ሲሰማ በ3 እርምጃ መቆም። ከዚያ 5 ሜትር ሮጦ፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 15። በከፍተኛ ፍጥነት የሚቆምባቸውን መጀመሪያ ላይ ከ4 እስከ 6 ብቻ አድርጋቸው፣ በሳምንት 2 ቀን፣ መካከላቸው 48 ሰዓት ይኑር፣ የጨዋታ ዋዜማ ላይ በፍጹም። ሲደክማቸው አቁም። የደከመ ልጅ ጥሩ አቋቋም አይማርም።

ለማሟሟቂያ ደግሞ ፊፋ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጀው 11 ፕላስ የሚባለው አለ። 15 እንቅስቃሴ ነው፣ ሲለመድ 20 ደቂቃ ይወስዳል፣ ኖርዲኩም ማረፉም ተተክሎ መቁረጡም ውስጡ አሉ፣ ከኳስና ከኮን በቀር ዕቃ አይፈልግም። በትክክልና ሳያቋርጡ የሠሩት ቡድኖች ላይ ጉዳት በግልጽ ቀንሷል። አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ሳምንት መተው ግን ምንም አያመጣም።

አሰልጣኝ ከኮዬ፦

በጣም ነው የማመሰግናችሁ። እህቴ፣ ከሴቶቹ ጀምር ያልሽኝን ወስጃለሁ።

20 ሜትሩን ዛሬ ሞከርነው፣ ቪዲዮውን ገና አልቆጠርኩም። አንድ ነገር ግን በዓይኔ አየሁ፣ ላካፍላችሁ። ሜዳው አቧራ ስለሆነ ከመስመሩ በኋላ ያለውን መሬት በቅርንጫፍ ጠረግነው። እያንዳንዱ ልጅ ሲቆም ዱካው ሙሉ በሙሉ ቀረ። አንዱ አማካይ ከመስመሩ በኋላ ብዙ አጫጭር ዱካ አለው፣ እየተቀራረበ ይመጣል፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። በጣም ፈጣኑ ልጄ ግን ሁለት ረጃጅም እርምጃ፣ ከዚያ ተረከዙ መሬቱን የቆፈረበት አንድ ረጅም ጭረት፣ ከዚያ ወደ ቀኝ የወጣ ዱካ። ደግሞ አስደገምኩት፣ በድጋሚ በዚያው በቀኝ እግሩ ነው ጭረቱ። በግራ እግርህ ቁም ስለው ግራ ተጋባ፣ አልቻለም።

ልጆቹ ራሳቸው እየተሰበሰቡ የማን ዱካ የት እንዳለ ያዩ ነበር። ቁጥር 6፣ እንዳልከው ይጨናነቃሉ ብዬ ሰግቼ ነበር፣ ግን በጣም ነው የወደዱት። እና ይሄ ዱካ እንደ መለኪያ ይያዛል?

የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፦

ኮች፣ በትክክል ይያዛል! በስልክ ከላይ ፎቶ አንሳው፣ አጠገቡ ሜትሩን ዘርጋ፣ የልጁን ስምና ቀኑን ወረቀት ላይ ጽፈህ ፎቶው ውስጥ አስገባ። ስንት እርምጃ እንደፈጀ፣ እርምጃዎቹ እየተቀራረቡ ይሁን አይሁን፣ ጭረቱ በየትኛው እግር እንደሆነ ታያለህ። ሒሳቡ ምን ያህል እንደቆመ ይነግርሃል፣ ዱካው እንዴት እንደቆመ። ጥሩ ቁጥር በመጥፎ ዱካ ካመጣ ልጅ ተጠንቀቅ፣ በአንድ እግሩ ላይ ሁሉንም ጭኖ ነው ያመጣው።

ፈጣኑን ልጅ በግራ እግሩ ቀስ ባለ ፍጥነት አስጀምረው። ቀኙን እንዲተው ሳይሆን ግራው እንዲደርስበት ነው። በየሳምንቱ አትፈትን፣ በ6 ሳምንት አንዴ ይበቃል። ሲፈተኑም ጫማው ያው፣ ሜዳው ያው፣ ሰዓቱ ያው ይሁን። ሾሉ ያለቀ ታኬታ ያደረገ ልጅ ደረቅ መሬት ላይ ስለሚንሸራተት ደካማ ይመስልሃል፣ ችግሩ ጫማው ነው።

የሱሉልታ ሯጭ፦

እኔ ኳስ ተጫዋች አይደለሁም፣ የረጅም ርቀት ልጆችን ነው የማሯሩጠው፣ ግን ፊዚዮዋ ስለ ቁልቁለት ያለችው ነገር አስገባኝ።

እኛ ጋ አዲስ ልጅ ሲመጣ ዳገቱን ይወጣዋል፣ ማንም አይቀድመውም። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ነው የሚታየው። ያልለመደ ልጅ ተረከዙን ከፊቱ ርቆ ይተክላል፣ በየእርምጃው ራሱን ያቆማል፣ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ሕመሙ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ነው ጫፍ የሚደርሰው፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ሦስተኛው ይቆያል። ነገር ግን አንድ ጊዜ በልክ ወርዶ ያገገመ ልጅ በሁለተኛው ያን ያህል አያመውም። ጡንቻው ለምዶታል። ይሄ ልምድ ለሳምንታት አብሮት ይቆያል።

ስለዚህ አሰልጣኝ፣ ኮዬ ዙሪያ ለስላሳ ቁልቁለት አታጣም። ከ50 ወይም 60 ሜትር ያልበለጠ፣ አፈር ወይም ሳር የሆነ፣ ድንጋይ የሌለው ፈልግ። ቀስ ብለው ይውረዱት፣ እርምጃቸውን አሳጥረው። ውድድር አታድርገው። የመጀመሪያው ቀን «ይሄ ምን አላት» የሚያስብል ያህል ትንሽ ይሁን፣ ልጆቹ በማግስቱ ሲነሱ ይነግሩሃል።

ፊዚዮዋ፦

የሱሉልታው፣ ጥሩ አልክ፣ እኔም ይሄንኑ ነው የምመክረው።

አሰልጣኝ፣ ሁለት ነገር ልጨምር። በዚህ ዕድሜ ልጆች ድንገት ይረዝማሉ። በጥቂት ወር ውስጥ ሱሪው ያጠረበት ልጅ እግሩ ረዝሞ ጡንቻው ገና አልደረሰበትም፣ ድሮ የሚችለውን እንቅስቃሴ ለጊዜው ሊያበላሸው ይችላል። ሰነፈ አትበለው። ከጉልበት ሎሚ በታች ባለችው የአጥንት እብጠት ላይ ስትነካው ካመመው የመቆምና የመዝለል ልምምዱን ቀንስለት፣ ጥንካሬውን ሕመም በማያመጣ ልክ ይቀጥል፣ ካልተሻለው ይታይ። የበር ላይ ቁመቱን በየወሩ በእርሳስ ምልክት አድርገህ ብትይዝ ማን እየረዘመ እንደሆነ ቀድመህ ታውቃለህ።

የክንፍ ተጫዋችህን በተመለከተ፣ ቀዶ ጥገና ከተደረገ ቢያንስ 9 ወር ሳይሞላ ወደ ጨዋታ እንዳትመልሳት። ወሩ መሙላቱም ብቻውን አይበቃም። የተጎዳው እግሯ ጭን የጤነኛውን እግር ጥንካሬ ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ አለበት። በቀጥታ መሮጥ ስትጀምር ሰው ሁሉ «ዳነች» ይላል። ቀጥታ ሩጫ ጉልበቷን አይፈትነውም፣ የሚፈትነው መቆሙ ነው። እሱን የሚከታተላት ባለሙያ ሳይፈቅድ አታስጀምራት። ሲፈቅድም ከሶምሶማና ከ3 እርምጃ ነው የምትጀምረው።

ቁጥር 6፦

አሰልጣኝ፣ የዱካውን ነገር ሳነብ ሐሳቤን ቀየርኩ። ጠባብ ሜዳው ይቅር አልልም፣ ግን ልጆቹ ራሳቸው ካዩት ልክ ነህ። አንድ ነገር ልጨምር። ፊሽካ ሲነፋ መቆም አንድ ነገር ነው፣ ሰው አይቶ መቆም ሌላ ነው። እነዚያን 10 ሜትሮች ሲለምዱ ፊሽካውን ተወውና ከፊታቸው አጥቂ አቁም። እሱ ሲቆም ይቁሙ፣ ሲቆርጥ ይቁረጡ። ተከላካይ የአጥቂውን ዳሌ ማየት ካልተማረ ፍሬኑ ምንም ቢያምር ዘግይቶ ነው የሚይዘው።

የስፖርት ሳይንስ ተማሪ፦

በጣም ትክክል። ቅደም ተከተሉ ግን አይገልበጥ። መጀመሪያ የሚቆምበትን ቦታ አውቆ፣ ከዚያ በፊሽካ፣ ከዚያ በሰው። ሳያውቅ የሚቆም ልጅ ሰውነቱን ለማዘጋጀት ጊዜ ስለሌለው ጉልበቱ ላይ የሚመጣው ጫና ይጨምራል።

አሰልጣኝ ከኮዬ፦

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ አላስቸግራችሁም። ክረምት ሲገባ ሜዳችን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ ይሆናል። አጠገቡ ያለው አስፋልት ላይ ላድርገው?

ፊዚዮዋ፦

አስፋልት ላይ በሙሉ ፍጥነት አታስቁማቸው። ጫማ አስፋልት ይዞ ይቀራል፣ እግር አይንሸራተትም፣ ሰውነት ግን መሄዱን ይቀጥላል፣ ጉልበት መሃል ላይ ይቀራል። እርጥብ ሲሆን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፣ ይንሸራተታል። መኪናም አለ። ጭቃው ላይም ቢሆን ታኬታው ተቀብሮ እግር ሲይዝ አደገኛ ነው።

በክረምት ጥንካሬው ላይ አተኩር። ቀስ ብሎ መውረዱ፣ ኖርዲኩ፣ የደረጃው የባት ሥራ፣ ከዝቅተኛ ቦታ ወርዶ ማረፉ፣ እነዚህ ሁሉ በብሎኩ በረንዳ ላይ ይሠራሉ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ሜዳው ሲጠነክር በ5 ሜትር ጀምር፣ ክረምት ሳይገባ 15 ሜትር ደርሰው ከነበረ እንኳን።

አሰልጣኝ ከኮዬ፦

በረንዳው ይበቃናል። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ ነገ አነጋግራለሁ።